ከተከዜ እስከ ሜሮዌ፤ በኢዛና ድንጋይ መሪነት

በገዳሪፍ አውራጃ፣ ከኢትዮጵያ ድንበር በስተ ምዕራብ፣ ሰቲት ከአትባራ ጋር ይቀላቀላል። በታች በኩል ሰቲት የሚባለው ወንዝ በላይ በኩል ተከዜ ነው፤ አትባራም ከጣና በስተ ሰሜን ተነሥቶ ጓንግ እየተባለ በመተማ በኩል የሚወርደው ነው። ንጉሥ ኢዛና በአክሱም ባስቀረጹት ጽሑፍ ግን ይህ ውሃ ዓባይ እስኪገባ ድረስ ተከዜ ይባላል። በአራተኛው መቶ ዓመት የአክሱም ሠራዊት ኖባን ለመውጋት በወረደ ጊዜ የተዋጋው በዚሁ ወንዝ መሻገሪያ ላይ ነበር።

ያለ መሪ በእግሩ የጥንት ፍርስራሽ ለሚጐበኝ መምህር ከዚህ ጽሑፍ የሚሻል መሪ አይገኝም። ኖባዎች ጎረቤቶቻቸውን እንደ በደሉ፣ መሐላቸውን እንዳፈረሱ፣ የንጉሡንም መልእክተኞች እንደ ዘረፉ ይተርካል። ውጊያው የተጀመረው ከማልኬ በተባለው መሻገሪያ ሲሆን፣ ማሳደዱ 23 ቀን ፈጅቷል። የግንብ ከተሞችና የሣር ከተሞች ተለይተው ተጽፈዋል፤ የተማረከው እህል፣ ናስና ብረት፣ የጠፋውም የጥጥ ጎተራ ሳይቀር ተቈጥሯል። በመጨረሻም ተከዜ ከዓባይ በሚገናኝበት ስፍራ ዙፋን ተተከለ፤ ይህ ስፍራ የዛሬው የአትባራ ከተማ አካባቢ ነው።

የወንዙ መልክ ግን ተለውጧል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1861 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር (የሚከተሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) አትባራ ሲደርስ አሸዋና ጥቂት ኩሬ ብቻ አገኘ፤ በሰኔ አንድ ሌሊት ግን የኢትዮጵያ ደጋ ጎርፍ እንደ ነጐድጓድ እየጮኸ ወረደ። ሠራዊትም ወንዙን በበጋ ለመሻገር እምብዛም አይቸገርም ነበር ማለት ነው። ዛሬ በ1964 የተፈጸመው የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ፣ በ2017 የተመረቁትም የሩሜላና የቡርዳና ግድቦች ውሃውን ስለ ያዙት፣ የጥንቱን መሻገሪያ በዐይን ብቻ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።

ከአትባራ ከተማ በስተ ደቡብ፣ በዓባይ ዳር፣ ሜሮዌ ትገኛለች። ፒራሚዶቹ በስተ ምሥራቅ ባለው ኰረብታ ላይ ናቸው፤ የነገሥታቱ ከተማ ከወንዙ አጠገብ ነው። በመካከል የብረት አቅላጮች የጣሉት ጥቁር ዝቃጭ እንደ ጉብታ ተቈልሏል፤ የባቡሩም ሐዲድ አንዱን ጉብታ ሰንጥቆ ያልፋል። በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ስፍራ በ2023 ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ እንደ ቀድሞው በሰላም የሚጐበኝ አይደለም።

ብዙ ጐብኚ እዚህ ሮማን ይፈልጋል። «የሮማ መታጠቢያ» ይባል የነበረውን ሕንጻ የኋላ ተመራማሪዎች ከውሃ ጋር የተያያዘ የአምልኮ ስፍራ ነው ይላሉ። በናቃም «የሮማ» የሚባለው ትንሽ መቅደስ ክብ ቅስት መስኮትና የግሪክ ዐይነት ዐምድ ቢኖረውም የኩሽ ሰዎች ሥራ ነው። ሮማ በኩሽ ምድር አልገዛችም፤ ጦሯ ናፓታ ደርሶ ቢመለስም ወሰኗ ከግብጽ ደቡባዊ ጫፍ ብዙም አልራቀም። እንዲያውም በ1910 ጆን ጋርስታንግ የቄሣር አውግስጦስን የነሐስ ራስ ያገኘው በሜሮዌ በአንድ ሕንጻ ደረጃ ሥር ተቀብሮ ነው። ከግብጽ በምርኮ የመጣውን የቄሣር ራስ የሚገባ ሁሉ ይረግጠው ነበር።

በየትምህርት ቤቱ «ኢዛና ሜሮዌን አፈረሱ» እየተባለ ሲነገር ቈይቷል። ጽሑፉ ይህን አይልም። ዘመቻው በተለይ በኖባዎች ላይ ነው፤ ከካሱ፣ ማለት ከኩሽ ሰዎች ጋርም ውጊያ ተደርጓል፤ ከግንብ ከተሞቹም አንዳንዶቹን ኖባዎች አስቀድመው ከካሱ ነጥቀዋቸው እንደ ነበር ይናገራል። መንግሥቱ ከዚያ በፊት ተዳክሞ ነበር ማለት ነው። መምህሩ ይህን ለይቶ ቢያስተምር የአክሱም ክብር አይቀንስም፤ ተማሪውም ድንጋዩ ያለውን ከሰው አባባል ለይቶ ያነብባል።

በሜሮዌ የግሪክኛ ጽሑፍ ያለባቸው ሁለት ስባሪ ድንጋዮች ተገኝተዋል። የሚናገሩት ስለ አክሱም ንጉሥ ነው፤ ስሙ የነበረበት ክፍል ግን ተሰብሮ ጠፍቷል።