በሩን ማን አስከፈተው? ማንስ ገባበት? ከ1966 ለንደን እስከ 2001 አርጀንቲና

ለንደን የሚኖር ሰው ከ1966 ማምለጥ አይችልም። እንግሊዞች በዌምብሌይ ስታዲየም ምዕራብ ጀርመንን 4 ለ 2 አሸንፈው የዓለም ዋንጫን ያነሱበት ያ ዓመት፣ የእግር ኳስ ወቅት በመጣ ቁጥር በየመጠጥ ቤቱና በየጋዜጣው ይነሳል። ለእኛ ለአፍሪካውያን፣ በተለይም ለኢትዮጵያውያን፣ ይኸው ዓመት ሌላ ታሪክ አለው። በዚያ ውድድር ላይ አንድም የአፍሪካ ቡድን አልነበረም። ያልነበረውም ተሸንፎ ሳይሆን አልጫወትም ብሎ ነው። ከእምቢታው መሪዎች አንዱ ደግሞ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ፣ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊፋ ለ1966 ውድድር 16 ቦታዎችን ሲያከፋፍል ለአውሮፓ አዘጋጇን ጨምሮ 10፣ ለደቡብ አሜሪካ የወቅቱን ሻምፒዮን ብራዚልን ጨምሮ 4፣ ለሰሜንና ለመካከለኛው አሜሪካ 1 ሰጠ። የቀረችው አንዲት ቦታ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በአንድነት ተጣለች። የጊዜው የፊፋ ፕሬዚዳንት ሰር ስታንሊ ራውስ ቀደም ሲል የእንግሊዝን እግር ኳስ ማኅበር ከ1934 እስከ 1962 በዋና ጸሐፊነት የመሩ ሰው ሲሆኑ፣ የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካ በፊፋ ውስጥ ለማቆየት ሲጥሩ አፍሪካውያኑን ይበልጥ አስቆጡ። በ1964 በአቶ ይድነቃቸውና በጋናዊው ኦሄኔ ጃን ግፊት የካፍ አባላት ከማጣሪያው ወጡ። በውድድሩ 9 ጎል አግብቶ ከሁሉም የበለጠው ኤውዜቢዮ ሞዛምቢክ የተወለደ የፖርቱጋል ተጫዋች መሆኑን እዚህ ላይ ልብ ይሏል። አፍሪካ በራሷ ባንዲራ ያጣችውን በቅኝ ገዥዋ ማልያ ተጫወተች ማለት ነው።

እምቢታው ፍሬ አፈራ። ለ1970 የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ የራሷ ቦታ ተሰጣት፤ ሞሮኮም ገባችበት። አቶ ይድነቃቸው በ1972 የካፍ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1974 ፍራንክፈርት ላይ በተደረገው ምርጫ ብራዚላዊው ጆአዎ ሃቬላንዥ ራውስን 68 ለ 52 ሲያሸንፉ የአፍሪካ ድምፅ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ሃቬላንዥ ድምፅ ለማግኘት ለታዳጊ አገሮች ከገቧቸው ቃሎች መካከል የዓለም ዋንጫ ቦታዎችን ማብዛትና አዲስ የወጣቶች ውድድር መክፈት ይገኙበታል። የሰውዬው ስም የኋላ ኋላ በጉቦ ጎድፎ በ2013 ከክብር ፕሬዚዳንትነታቸው ለቀዋል። ይሁንና የወጣቶቹ ውድድር ቀረልን። የመጀመሪያው የዓለም ወጣቶች እግር ኳስ ሻምፒዮና የተካሄደው በ1977 በአፍሪካ ምድር፣ በቱኒዝያ ነው።

እንግዲህ የወጣቶች ሻምፒዮና ከሰማይ የወረደ ስጦታ አይደለም። የአፍሪካ ድምፅ ዋጋ ያገኘው እንደ አቶ ይድነቃቸው ያሉ ሰዎች አስቀድመው ስላደራጁት ነው። በ1962 አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደውን ቡድን ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው፤ በ1987 እስካረፉ ድረስም የአፍሪካን እግር ኳስ መርተዋል። ታዲያ ሰውየው ያስከፈቱት በር ውስጥ አገራቸው ስንት ጊዜ ገባች? አንድ ጊዜ ብቻ፤ በ2001።

እሱም እንዴት እንደሆነ እናስታውስ። ከመጋቢት 9 እስከ 23 ቀን 1993 ዓ.ም. የአፍሪካ ወጣቶች ሻምፒዮና አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ። ኢትዮጵያ አዘጋጅ በመሆኗ ያለ ማጣሪያ ገባች፤ ከስምንቱ ቡድኖች መካከልም ከመጀመሪያዎቹ አራት አንዷ ሆና ለአርጀንቲናው ውድድር አለፈች። ወቅቱ የዋዛ አልነበረም። የአልጀርሱ ስምምነት ከተፈረመ ገና ሦስት ወሩ ነበር። በዚያው መጋቢት ሕወሓት ለሁለት ተሰነጠቀ። በሚያዝያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጥያቄ በጥይት ተመለሰ፤ ብዙ ወጣቶች ሞቱ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ታሰሩ። በግንቦት የደኅንነቱ ኃላፊ ክንፈ ገብረመድኅን ተገደሉ። በሰኔ ደግሞ የእነዚያው ተማሪዎች እኩዮች ማልያ ለብሰው ደቡብ አሜሪካ ደረሱ። አንድ ትውልድ በአንድ ወቅት ውስጥ በሁለት ስታዲየም ቆመ ብንል ማጋነን አይሆንም።

በአርጀንቲና ምድባችን ሆላንድ፣ ኮስታሪካና ኢኳዶር ነበሩ። ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፈን ተመለስን። ነውር የለውም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ ይሸነፋል። የሚያስቆጨው ሌላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከእኛ ጋር ካለፉት ሦስት አገሮች ጋና እስከ ፍጻሜው ደርሳ በአርጀንቲና 3 ለ 0 ተሸነፈች፤ ግብጽ ፓራጓይን አሸንፋ ሦስተኛ ወጣች። የአዲስ አበባዋ ሻምፒዮን አንጎላም ምድቧን አልፋለች። ከዓለም ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ቡድኖች ከጥቂት ወራት በፊት በእኛው ሜዳ ላይ እንግዶቻችን ነበሩ።

በእኛ በስደተኛው ምሁር ዘንድ ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አለ፤ «አገዛዙ ነው።» አንዱ ደርግን ይወቅሳል፣ ሌላው ኢሕአዴግን፣ ሌላው ንጉሡን። በዚህ ጸሐፊ እምነት መልሱ በከፊል ልክ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። አንጎላ የአፍሪካ ወጣቶችን ዋንጫ የወሰደችው የእርስ በርስ ጦርነት ላይ እያለች ነው፤ ሳቪምቢ የተገደለው በቀጣዩ ዓመት በየካቲት 2002 ነበር። ጋና በ1966፣ በ1972፣ በ1979ና በ1981 መፈንቅለ መንግሥት አስተናግዳለች፤ ሆኖም በ1982 የአፍሪካን ዋንጫ ወስዳለች። ጦርነትና ክፉ መንግሥት ኳስን ባይከለክሏቸው እኛን ብቻ እንዴት ከለከሉን?

ልዩነቱ ያለው ከውድድሩ በፊትና በኋላ በተሠራው ሥራ ላይ ይመስላል። ጋና ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫን በ1991ና በ1995 ወስዳለች፤ በ1999 ሦስተኛ ወጥታለች። የ2001 ቡድኗ ከዚህ መሰላል የወጣ ነበር። በአርጀንቲናው ቡድን ውስጥ የነበሩት ማይክል ኤሲየንና ሱሌይ ሙንታሪ በ2006 ጋናን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዋናው የዓለም ዋንጫ ይዘው ገቡ። በ2009 ደግሞ ጋና ብራዚልን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የወጣቶቹን ዋንጫ የወሰደች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር ሆነች። እኛ ግን መሰላሉ ሳይኖረን ሰገነቱ ላይ አንድ ጊዜ ተገኘን፤ የወጣንበትም የአዘጋጅነት ዕድል ሲያልቅ መውጫው አብሮ አለቀ። ከዚያ ወዲህ የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮናን አላየነውም።

ይህ ጸሐፊ በሙያው መሐንዲስ ነውና ነገሩ በመዝገብ በኩል ይታየዋል። በመጋቢት 2001፣ ወጣቶቹ አዲስ አበባ ላይ በሚጫወቱበት ወር፣ ፊፋና የአውሮፓ ኮሚሽን በተጫዋቾች ዝውውር ላይ ተስማሙ። ከዚህ በወጣው ደንብ መሠረት አንድ ተጫዋች በውሉ ዘመን ሲሸጥ ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ኤሲየን በ2005 እዚህ ለንደን ወደሚገኘው ቼልሲ ሲመጣ የተነገረው ዋጋ 24 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር፤ 5 በመቶው 1.2 ሚሊዮን ይሆናል። እንዲህ ካለው ገንዘብ ለመካፈል ግን ክለቡ ልጁ መቼ እንደተወለደና ከመቼ እስከ መቼ እንደሠለጠነ በሰነድ ማሳየት አለበት።

በእኛ አገር ልደት በሥርዓት መመዝገብ የተጀመረው በ2016 ነው። ለ2001 ውድድር ብቁ የሚሆነው ከጥር 1 ቀን 1981 ወዲህ የተወለደ፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 23 ቀን 1973 ዓ.ም. ወዲህ የተወለደ ነበር። የክርስትና ቀንና የእናት ትዝታ ብቻ ባለበት አገር ይህን ማረጋገጥ ቀላል አይደለም፤ አንድ ጸሐፊ ዘመኑን ሳይቀይር ቢገለብጥ ልጁን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። ናይጄሪያ በተጫዋቾቿ የልደት ቀን መምታታት ምክንያት በ1989 ለሁለት ዓመት ከዓለም አቀፍ የወጣቶች ውድድር ታግዳለች። መዝገብ የቢሮክራሲ ጣጣ ሳይሆን የልጁ መብት ነው።

ከ2001 በኋላ የመጣውን እናውቀዋለን። በ2008 በፌዴሬሽኑ ውስጥ በተነሳው ሽኩቻ ፊፋ አገደን፤ ከ2010 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያም ወጣን። በ2013 ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ከ2021 ወዲህ ደግሞ ስታዲየሞቻችን ደረጃውን አያሟሉም ተብሎ ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳው» የሚባሉ ጨዋታዎችን በሰው አገር ለመጫወት ተገደደ። በ1962፣ በ1968ና በ1976 የአፍሪካን ዋንጫ፣ በ2001 የወጣቶቹን ውድድር ያስተናገደች አገር የራሷን ልጆች ማስተናገድ ተሳናት።

እኛስ? በሰሜን አሜሪካ ከ1984 ጀምሮ፣ በአውሮፓም በየበጋው፣ በእግር ኳስ ስም እንሰባሰባለን። እንዘፍናለን፣ እንበላለን፣ የተለያየነውን እናገኛለን፤ መልካም ነው። ከዚህ ሁሉ ስብስብ ግን የአንድን የአገር ቤት የታዳጊዎች ቡድን መዝገብ፣ አሠልጣኝና ጉዞ ለአሥር ዓመት ያለማቋረጥ የሚሸከም ምን ያህል ነው? የአንድ ጊዜ የማልያ ስጦታና ፎቶግራፍ የ2001 ታሪካችን ታናሽ ወንድም ነው፤ ታይቶ ይጠፋል።

አቶ ይድነቃቸው ያስተማሩን «እምቢ» ማለትን ብቻ አይደለም። እምቢ ካሉ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ በየስብሰባው ተቀምጠው አንቀጽ በአንቀጽ፣ ድምፅ በድምፅ ሠርተዋል። እኛ ከሁለቱ የወረስነው የመጀመሪያውን ነው፤ እምቢታውን አሳምረን እናውቅበታለን። የጎደለን ሁለተኛው ነው፤ እሱን የሚጠብቁት ደግሞ ዛሬ 12 ዓመት የሞላቸው ልጆች ናቸው።

ቸር ይግጠመን።