ዕፅዋታዊ ኤስትሮጅን፦ የአኩሪ አተሩ ውህድና ካንሰር

ፋይቶኤስትሮጅን የሚባለውን በአማርኛ «ዕፅዋታዊ ኤስትሮጅን» ብንለው ይሻላል። «የዕፅዋት ሆርሞን» ካልነው ተክሉ ራሱ ከሚያድግበት ከኦክሲን ጋር ይምታታል። ይህ ውህድ በተክሉ ዘንድ ሌላ ሥራ አለው፤ አኩሪ አተር በሥሩ ወደ አፈር እየለቀቀ ናይትሮጅን የሚያዘጋጁለትን ባክቴሪያዎች ይጠራበታል። ኤስትሮጅን የተባለው ቅርጹ የሴትን ሆርሞን ስለሚመስልና በሰውነት ውስጥ በደካማው እንደ እሱ ስለሚሠራ ነው።

በአኩሪ አተር ውስጥ ዋነኞቹ አይሶፍላቮኖች ሲሆኑ፣ ከእነሱም ጄኒስቴይንና ዳይድዜይን በብዛት ይገኛሉ። አብዛኛው የጡት ካንሰር በኤስትሮጅን እየተገፋ ስለሚያድግ፣ ስሙን የሰማች ታካሚ ብትደነግጥ አይፈረድባትም። ይሁንና ኤስትሮጅን በሴል ላይ የሚያርፍባቸው ተቀባዮች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አልፋና ቤታ። የጡት ካንሰርን በዋናነት የሚያሳድገው አልፋ ነው፤ ጄኒስቴይን ግን ወደ ቤታ ያደላል፣ ኃይሉም ከሰውነታችን ኤስትሮጅን እጅግ ያነሰ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ጄኒስቴይን ታይሮሲን ካይኔዝን፣ ማለትም ሴል እንዲባዛ ምልክት የሚያስተላልፉትን ኤንዛይሞች፣ እንደሚገታ አሳዩ። የመድኃኒትነቱ ተስፋ በዚህ በረታ።

ተስፋው ከላቦራቶሪ ብዙም አልወጣም። እዚያ የሚጨመረው መጠን ቶፉ የተባለውን የአኩሪ አተር ምግብ የበላ ሰው ደም ውስጥ ከሚገኘው ብዙ ጊዜ ይበልጣል። የሰው የጡት ካንሰር ሴል በተተከለባቸው አይጦች ላይ ጄኒስቴይን ጭራሽ ዕጢውን ያሳደገበት ሙከራም አለ።

እኔ የማምነው በሰዎች ላይ የተደረገውን ጥናት ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመው የሻንጋይ ጥናት ከ5 ሺህ በላይ የጡት ካንሰር ታካሚዎችን ተከታትሎ፣ አኩሪ አተር በብዛት ከሚበሉት መካከል ካንሰሩ የተመለሰባቸውም የሞቱትም ያነሱ መሆናቸውን አገኘ። ታሞክሲፌን የተባለውን ኤስትሮጅንን የሚያግድ የጡት ካንሰር መድኃኒት በሚወስዱትም ላይ ጉዳት አልታየም። ጥናቱ ክትትል እንጂ ሙከራ ስላልሆነ ግን አኩሪ አተር አዳናቸው አያሰኝም፤ ሴቶቹ ምናልባት በሌላውም ነገር ጤናቸውን የሚጠብቁ ነበሩ።

ስለዚህ በጾም የአኩሪ አተር ወተት የምትጠጣ ታካሚ ስሙን ፈርታ መተው የለባትም። በእንክብል የሚሸጠው የተጠናከረ አይሶፍላቮን ግን ምግብ አይደለም፤ ካንሰር ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይውሰደው፤ በታዘዘለት ሕክምና ምትክማ ፈጽሞ!