ከቁራሽ እስከ ሳንቲም



በወርኃዊ ስብሰባችን መዋጮው ተሰብስቦ የቀሪ ስም ከተጠራ በኋላ አንድ ክርክር ሳይነሣ ቀርቶ አያውቅም። ይኸውም በመናኸሪያው፣ በገበያውና በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እጁን ለሚዘረጋ ሰው ገንዘብ መስጠት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው። ከፊላችን «ስጡ እንጂ፣ የሰጠንም እግዜር ነው» እንላለን። ከፊላችን ደግሞ «ሳንቲም መወርወር ልመናን ማራባት ነው፤ ጤነኛውም ከድኻው እኩል ቁጭ ብሎ ይለምናል» እንላለን። መቼም ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ስለዚህ ለክርክሩ ይረዳ እንደሆነ አባቶቻችንና እናቶቻችን ለማን፣ ምን፣ እንዴት ይሰጡ እንደነበር ጥቂት ታሪክ እናቀርባለን።

በጎጃም ስለ ልመና ሲነሣ አስቀድሞ የሚታወሰው የቆሎ ተማሪ ነው። ለቅኔ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ፣ እንዲሁም ወደ ዲማና ወደ ደብረ ኤልያስ የሚሄደው ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምን ነበር። ያሁኑ ተማሪም ቢሆን ይህን ወግ ፈጽሞ አልተወውም። ለተማሪ መለመን ነውር አልነበረም፤ ትሕትና የሚማርበት የትምህርቱ አካል ነበር እንጂ። ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩት ክቡር ሐዲስ አለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ዋና ሰው በዛብህም የቤተ ክህነት ተማሪ መሆኑን ያነበበ ሁሉ ያውቃል።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። እመቤቲቱ ለተማሪው የምትሰጠው ቁራሽ እንጀራ ወይም እፍኝ ቆሎ ነበር። ቁራሹን ስትሰጥም «የማን ተማሪ ነህ? አገርህ ወዴት ነው?» ብላ ትጠይቃለች። አታላይ ቢሆን እንኳ የወሰደው አንድ ቁራሽ ነውና ጉዳቱ ብዙ አይደለም። ደግሞ ያ ተማሪ ነገ ቄስ ወይም መሪጌታ ሆኖ ልጇን ያስተምራል፣ ሬሳዋን ይፈታል። ስለዚህ ሰጪና ተቀባይ ያልተጻፈ ውል ነበራቸው።

ሁለተኛዎቹ ላሊበላ ወይም ሐሚና የምንላቸው ናቸው። ገና ሳይነጋ ከደጃፍ ቆመው፣ የባለቤቱን ስም ከጎረቤት ጠይቀው፣ በዜማ እያሞገሱ ይለምናሉ። ከተሰጣቸው መርቀው ይሄዳሉ። ልመናውን ቢተዉ በቁምጥና እንያዛለን ብለው ያምኑ እንደነበር ይነገራል። ቁምጥና ግን በጀርም የሚመጣ በሽታ መሆኑን ሐንሰን የተባለ የኖርዌይ ሐኪም በ1865 ዓ.ም. ደርሶበታል፤ ከ1970ዎቹ ወዲህም በሚሰጠው የተጣመረ መድኃኒት ይድናል። ያም ሆኖ በስም መጥራታቸው ሊናቅ አይገባውም። ለማኙ የሰጪውን ስም የሚያውቅበት ልመና ነበር።

ሦስተኛው ሰንበቴና ተዝካር ነው። የሰንበቴ ማኅበርተኛ በተራው ዳቦና ጠላ አዘጋጅቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያመጣ፣ ነዳያንም ከማኅበርተኛው ጋር ይቀምሱ ነበር። ተዝካር ሲወጣም ድኻ ካልበላ ተዝካሩ ወጣ አይባልም። ፍትሐ ነገሥቱም ስለ ምጽዋት ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። እንግዲህ የዚያን ዘመን ምጽዋት በብዛት እህል እንጂ ገንዘብ አልነበረም።

ለምን ቢባል፣ አንዱ ምክንያት የገንዘቡ ዓይነት ነው። ከተማችን መንቆረር ትባል በነበረበት ጊዜ፣ ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው በነገሡበትም ዘመን፣ በገበያ የሚሠራው ማርትሬዛ ብርና አሞሌ ጨው ነበር። ማርትሬዛ ለምጽዋት የሚበዛ ትልቅ ገንዘብ ነው፤ አሞሌም ተሸርፎ ካልሆነ ለልመና አይመችም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓ.ም. የራሳቸውን ገንዘብ አሠርተዋል፤ ነገር ግን ሳንቲም በየሰው ኪስ የገባው በተለይ በ1937 ዓ.ም. ብሩ በ100 ሳንቲም ተከፍሎ ከወጣ ወዲህ ነው። አምስት ሳንቲም፣ ስሙኒ፣ ሽልንግ ሲገኝ፣ ቆሞ ሳይነጋገሩ፣ ስም ሳይጠያየቁ፣ እየሄዱ መስጠት ተቻለ። ሳንቲም መልካም ነገር ነው፤ ድኻው የፈለገውን ይገዛበታል። ነገር ግን ጥያቄዋን ይዞብን ሄደ። «የማን ነህ? ወዴት አገር ነህ?» የምትለዋን ማለታችን ነው።

እህል መስጠትም ቢሆን ብቻውን የማይበቃበት ዘመን እንዳለ ታሪክ ይመሰክራል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በደረሰው ክፉ ቀን፣ ከምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው። በጎጃም ደግሞ በ1881 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት አገሩን ዘርፎት ስለነበር መከራው ተደራረበ። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለ ቁራሽ የለም። ትናንት ሰጪ የነበረው ዛሬ ለማኝ ሆነ። ዳግማዊ ምኒልክ ሕዝቡ በእጅ መቆፈርን ነውር እንዳይለው ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው የሚነገረው ስለዚህ ነው። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረኃብም ብዙ ወገን ቀዬውን ጥሎ ወጥቷል፤ በ1977 ዓ.ም. በጀመረው ሰፈራም ከወሎና ከትግራይ የመጡ ወገኖች በያኔው ጎጃም ክፍለ ሀገር በፓዌ ሰፍረዋል። እንዲህ ያለውን ችግር የአንድ ሰው ሳንቲም አይመልሰውም፤ የኅብረት ክንድ ያስፈልገዋል።

የኛ እድርም የዚያው የኅብረት ልጅ ነው። እድር በ20ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ አካባቢ በአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ በተለይ ከጣሊያን ወረራ ወዲህ በየከተማው ተስፋፋ ይባላል። ከገጠር የመጣው ሰው ዘመድ በሌለበት ከተማ ቀባሪ እንዳያጣ ያበጀው ብልሃት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» የሚባለው ለዚህ ነው። ግን አንድ ነገር እንጠይቅ። እድር የሚቀብረው መዋጮ የከፈለውን ነው። ታዲያ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጦ ከብዙዎቻችን እጅ ሳንቲም ሲቀበል የኖረው ሰው ሲሞት የማን ነው? ስሙን ባልጠየቅነው ጊዜ ዘመዱን ማን ይጥራለት?

«ያልከፈለን ብንቀብር የከፈለውን መበደል ነው» የሚል ወንድም እንዳለ እናውቃለን፤ አባባሉም ተራ አይደለም፤ ወርኃዊ መዋጮዋን በጭንቅ የምትከፍል እናት በመካከላችን አለች። ስለዚህ የሷን ገንዘብ ለሌላ እናውለው አንልም። ነገር ግን ድንኳኑና ቃሬዛው የተገዛ ነው፤ አንድ ቀን ቢውል አያልቅም። ለመግነዙ በፈቃድ የሚዋጣ ትንሽ ሣጥን ሊቀመጥ ይችላል። ሬሳ መሸኘት ደግሞ እግር እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም።

እንግዲህ ከታሪኩ የምናገኘው መልስ ይህ ነው። ስጡ ወይም አትስጡ ብሎ ማንም ማንንም ሊያዝዝ አይችልም። የሚሰጥ ግን የጥንቷን እመቤት ጥያቄ ይዞ ይስጥ፤ ቆም ብሎ ስሙንና አገሩን ይጠይቅ። ትምህርት ቤት መዋል የሚገባው ልጅ ከሆነ ሳንቲሙ እዚያው እንዳያስቀረው ያስብ፤ ታማሚ ከሆነ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ይፈልግለት። የማይሰጥም «እግዜር ይስጥህ» ማለት አይክበደው። በደጃችን ስለሚሞት ወገን ደግሞ ጉዳዩ በጠቅላላ ጉባኤያችን እንዲቀርብና ድንኳንና ቃሬዛ ማዋስ በመተዳደሪያ ደንባችን እንዲገባ አሳባችንን እናቀርባለን። ውሳኔው የናንተ የአባላቱ ነው።