ጽልመታዊ ኃይል በርቀት ልኬት ሚዛን

ዩኒቨርስ መስፋፋቱ ከኤድዊን ሀብል የ1929 ጽሑፍ ወዲህ በሰፊው የታወቀ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የቁስ ስበት ይህን መስፋፋት እያዘገመው እንደሚሄድም ለአሥርተ ዓመታት ሲታመን ኖሯል። በ1990ዎቹ ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ በሶል ፐርልሙተር፣ ሌላው በብራያን ሽሚት መሪነት፣ የመዘግየቱን መጠን ለመለካት ተነሡ። በ1998 ይፋ ያደረጉት ተቃራኒውን ነው፤ መስፋፋቱ እየፈጠነ ነው። የዚህ መፍጠን ምክንያት የተባለውና ከዩኒቨርስ ጠቅላላ ይዘት 68 በመቶ ያህሉን እንደሚይዝ የሚገመተው ነገር ጽልመታዊ ኃይል ይባላል። ይህ ጽሑፍ ስለዚህ ኃይል ባሕርይ ዛሬ የሚነሣው ዋና ጥያቄ ከሁሉ በላይ በርቀት ልኬት ጥራት ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ይሞግታል።

ጋላክሲ በምን ፍጥነት እንደሚሸሽ ብርሃኑ ወደ ቀይ ምን ያህል እንዳደላ አይቶ ማወቅ ይቻላል። ርቀቱን ማወቅ ግን እጅግ ይከብዳል። ሁለቱ ቡድኖች ለዚህ የተማመኑት በዓይነት 1ኤ ሱፐርኖቫ፣ ማለትም ነጭ ድንክ በሚባለው እጅግ ጥቅጥቅ ያለ ኮከብ ፍንዳታ ላይ ነው። የብርሃኑ መጠን የታወቀ ፋኖስ በጨለማ ሜዳ ደብዝዞ ሲታይ ምን ያህል እንደራቀ መገመት እንደሚቻል፣ እነዚህም ፍንዳታዎች ድምቀታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ርቀታቸውን ያሳብቃሉ። ሆኖም ተቀራራቢ ማለት እኩል ማለት አይደለም። በ1993 ማርክ ፊሊፕስ ደማቆቹ ቀስ ብለው፣ ደብዛዛዎቹ ቶሎ እንደሚከስሙ በማሳየቱ ልዩነቱን በስሌት ማረም ተቻለ። ያለዚህ እርማት የ1998ቱ ውጤት የሚታመን ባልሆነ ነበር። በቺሊው ሴሮ ቶሎሎ ታዛቢ ጣቢያ የተጠኑት ቅርብ ሱፐርኖቫዎችም ለሩቆቹ ማነጻጸሪያ ሆኑ። በእኔ እምነት ይህ ትዕግሥት የጠየቀ ሥራ በ2011 ለፐርልሙተር፣ ለሽሚትና ለሽሚት ቡድን ባልደረባ ለአዳም ሪስ ከተሰጠው የኖቤል ሽልማት እኩል ሊወሳ ይገባዋል።

ሩቆቹ ሱፐርኖቫዎች ከተጠበቀው በላይ ደብዝዘው ተገኙ። በመንገድ ላይ ያለ አቧራ ጋርዷቸው ይሆን? ጥርጣሬው ተገቢ ነበር። አቧራ ቢሆን ኖሮ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ድብዘዛውም በጨመረ ነበር። በ2001 ሪስና ባልደረቦቹ ያቀረቡት እጅግ ሩቅ ሱፐርኖቫ ግን አቧራ ከሚፈቅደው በላይ ደምቆ ታየ። ይህም ዩኒቨርስ ቀድሞ እያዘገመ ቆይቶ፣ ከ5 እስከ 6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መፍጠን እንደጀመረ ከሚናገረው ሥዕል ጋር ይስማማል።

ቀላሉ ማብራሪያ አይንስታይን በ1917 በእኩልታው ውስጥ አስገብቶ ኋላ የተወው ቋሚ ቁጥር ነው። የባዶ ቦታ የራሱ ኃይል ነው ቢባል ደግሞ፣ የተለመደው የኳንተም ግምት ከልኬቱ የሚበልጠው 1 ተጽፎ 120 ያህል ዜሮ በሚከተለው ቁጥር ነው። ለዚህ አጥጋቢ መልስ አልተገኘም።

ጽልመታዊ ኃይል እንደዚህ ቁጥር ቋሚ ነው ወይስ በጊዜ ይለወጣል የሚለውን ጥያቄ እንደገና የቀሰቀሰው ዴሲ የተባለው መሣሪያ ነው። በአሪዞና ኪት ፒክ ተራራ ባለው የ4 ሜትር ቴሌስኮፕ ላይ ተገጥሞ በ5,000 የብርሃን ክሮች የጋላክሲዎችን ብርሃን ይተነትናል። መለኪያው በጨቅላው ዩኒቨርስ የተመላለሰው የድምፅ ሞገድ በጋላክሲዎች ስርጭት ላይ ጥሎት የሄደው፣ ዛሬ 490 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል የሚደርስ ርቀት ነው። በመጋቢት 2025 ከ15 ሚሊዮን የሚጠጉ ጋላክሲዎችና ኳሳሮች የተገኘው ውጤት፣ ከጥንታዊው የማይክሮዌቭ ጨረርና ከሱፐርኖቫዎች ጋር ሲጣመር፣ ጽልመታዊ ኃይል እየተዳከመ መምጣቱን ይጠቁማል። የምልክቱ ጥንካሬ ከ2.8 እስከ 4.2 ሲግማ (ምልክቱ የአጋጣሚ ውጤት አለመሆኑን የሚመዝን ልኬት) ነው፤ በፊዚክስ ግኝት ለመባል የተለመደው ደረጃ 5 ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያሻል። ጋላክሲዎቹም ጨረሩም ሳይለወጡ ቁጥሩን ከ2.8 ወደ 4.2 የሚያወጣው የተመረጠው የሱፐርኖቫ መዝገብ ነው። በመዝገቦቹ ውስጥ ያሉት ቅርብና ሩቅ ሱፐርኖቫዎች በአብዛኛው በተለያዩ ቴሌስኮፖች፣ በተለያዩ ማጣሪያዎች የተለኩ ናቸው፤ በሁለቱ ወገኖች መካከል የሚፈጠር ጥቂት የድምቀት መዛነፍ የኃይሉን መዳከም ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ቋሚው ቁጥር ተሽሯል ለማለት ጊዜው አልደረሰም እላለሁ። በ2025 የመጀመሪያ ምስሎቹን ያሳየው የቺሊው የቬራ ሩቢን ታዛቢ ጣቢያ እጅግ ብዙ ሱፐርኖቫዎችን፣ ቅርቦቹንም ሩቆቹንም፣ በአንድ ካሜራ ይለካል። የዴሲ ምልክት በእነዚያ ልኬቶችም ከጸና ጥርጣሬው ከመሣሪያዎቹ ወርዶ ወደ አይንስታይን ቁጥር ይዞራል።