እናት የምትቆጠርበት ድንበር

በኢትዮጵያ በደመወዝ የሚተዳደር ሰው ግብር ይከፍላል እንጂ የግብር ቅጽ አይሞላም። አሠሪው በየወሩ ቆርጦ ያስገባል፤ ጉዳዩ እዚያው ላይ ያልቃል። ሠራተኛው ስድስት ልጅ ያሳድግ፣ አሮጊት እናቱን ይጡር፣ ወይም ብቻውን ይኑር፣ የሚቆረጥበት ያው ነው። በዲቪም ሆነ በሌላ መንገድ አሜሪካ የገባ ባለ ቤተሰብ በመጀመሪያው ዓመት ፎርም 1040 ሲቀርብለት ግራ የሚያጋባው እንግሊዝኛው ብቻ አይደለም። ወረቀቱ ስንት አገኘህ ከማለቱ በፊት ማን ማን አለህ ብሎ ይጠይቀዋል። ለመሆኑ ይህ ጥያቄ ከየት መጣ? የእኛን ቤተሰብስ የት ላይ ይቆርጠዋል? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1913 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ የፌዴራል የገቢ ግብር ሲጣል ጉዳዩ የሀብታም ጉዳይ ነበር። ያላገባ ሰው እስከ 3,000 ዶላር፣ ባለትዳር እስከ 4,000 ዶላር ነፃ ነበር፤ በዚያ ዘመን ተራ ሠራተኛ እዚያ አይደርስም። ልጅ በሒሳቡ የገባው በ1917 ነው፣ በአንድ ልጅ 200 ዶላር እየታሰበ። ግብሩ ወደ ሰፊው ሠራተኛ የወረደው ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሲሆን፣ በ1943 ከደመወዝ ላይ እየተቆረጠ እንዲሰበሰብ ተደነገገ። ሐሳቡን በዋናነት ያራመደው የሜሲስ መደብር የገንዘብ ኃላፊ የነበረው ቢርድስሊ ረምል ነው። ያኔ በግምጃ ቤት ይሠራ የነበረው ወጣቱ ሚልተን ፍሪድማንም እጁ አለበት፤ በኋላ ዘመኑን ሁሉ የመንግሥትን መስፋፋት ሲቃወም የኖረው ያው ሰው!

እስከዚህ ድረስ ከአገራችን አሠራር ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ እዚህ በየደመወዙ የሚቆረጠው በግምት መሆኑ ነው። ግምቱ ሥራ በተጀመረበት ቀን በተሞላው ደብልዩ-4 ላይ ይቆማል፣ እውነተኛው ሒሳብ ቤተሰቡ ታይቶ በዓመቱ ማብቂያ ይወራረዳል። ብዙዎቻችን እንደ ሎተሪ የምናየው «ሪፈንድ» ባብዛኛው የራሳችን ገንዘብ ነው፤ መንግሥት ያለ ወለድ ይዞት የቆየ። ከዚያ በላይ የሚሰጥ ድጎማም አለ። ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሠራተኛ የሚሰጠው በ1975፣ የልጅ የሚባለው በ1997 ተጀመረ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1944 የወጣው የግለሰብ ገቢ ግብር ሕግ ለእያንዳንዱ ተጧሪ 500 ዶላር ነፃ አደረገ። ተጧሪ የሚላቸውን ሲዘረዝር ሐበሻ የጻፈው ይመስላል፦ አባት፣ እናት፣ እኅት፣ ወንድም፣ አክስት፣ አጎት፣ አማት ሳይቀር። ቀጥሎ ግን አንድ ሐረግ አስገባ፦ ተጧሪው የውጭ ዜጋ ከሆነ የአሜሪካ ወይም የአሜሪካ አዋሳኝ አገር ነዋሪ መሆን አለበት። አዋሳኝ ማለት ካናዳና ሜክሲኮ ነው። በ1954 ሕጉ እንደገና ሲጻፍ የፓናማ ቦይ ቀጠናና የፓናማ ሪፐብሊክ ተጨመሩ፤ የአሜሪካ ወታደሮች በፊሊፒንስ ለወለዷቸው ልጆችም የተለየ አንቀጽ ተበጀ። እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ፤ ርቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ፊሊፒንስ ባልገባች ነበር። እኔ እንደምረዳው ሕጉ ያየው ጦሩና ጥቅሙ የደረሱበትን ያህል ነው፤ ደብረ ብርሃን ያለችው እናት በዚያ ካርታ ላይ የለችም።

የእኛ የግብር ታሪክ ሲለካ የኖረው መሬትን ነው። የጎጃም ገበሬ በ1968 የተነሣው ባለፈው ዓመት የታወጀው የእርሻ ገቢ ግብር ርስቴን አስለክቶ ያስወስድብኛል ብሎ ነበር። እዚህ የሚለካው ቤተሰብ ነው፣ መለኪያውም ቁጥር። እስከ 1986ቱ የግብር ማሻሻያ ድረስ የልጅን ስም መጻፍ ብቻ ይበቃ ነበር። ዕድሜያቸው 5 ዓመት ለሞላ ተጧሪዎች የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሲጠየቅ ግን ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጉ «ልጆች» ከአሜሪካ የግብር ወረቀት ላይ ጠፉ። ስለዚህ አዲስ ገቢን «የወንድምህንም ልጆች ጻፋቸው» ብሎ የሚመክር ወዳጅ የፈጠራው ባለቤት እኛ እንዳልሆንን ይወቅ፤ አይ.አር.ኤስ. ዘዴውን ከእኛ መምጣት በፊት ያውቀዋል።

በ1996 ቁጥሩ ጠበቀ። ሶሻል ሴኩሪቲ ለማያገኙ የግብር መለያ ቁጥር ተዘጋጀላቸው፣ ለሥራ በሚያገለግል ሶሻል ሴኩሪቲ ያልተደገፈ ቤተሰብ ግን ከ1975ቱ ድጎማ ተከለከለ። ባለቤቱ አዲስ አበባ ቪዛ የምትጠብቅ ሰው ይህ በቀጥታ ይነካዋል። ከ1976 ጀምሮ ባለ ሕግ እርሷን እንደ ነዋሪ አስቆጥሮ በጋራ መሙላት ይችላል፤ በምላሹ የእርሷም የአገር ቤት ደመወዝ መገለጽ አለበት፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ስለሌላትም ያ ድጎማ ይቀርበታል። ሁለቱንም ሒሳብ ሠርቶ ማወዳደር ነው። ሰው በሰኔ ገብቶ የመጀመሪያ ዓመቱን እንደ ሙሉ ዓመት ነዋሪ መሙላቱም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ይህ የሚፈቀደው ባለትዳሮች በጋራ ሲመርጡት ነው፣ ያኔም ከጥር እስከ ሰኔ አገር ቤት የተገኘው ደመወዝ ይካተታል።

ከ2018 ወዲህ ለተጧሪ ይሰጥ የነበረው ነፃ ገቢ ዜሮ ሆኖ፣ ለእናትና ለመሰሎቿ የ500 ዶላር ቅናሽ ተተካ፣ እዚሁ አገር ነዋሪ ለሆነች ብቻ። የሜክሲኮዋም እናት ከዚህ ቀረች። ደብረ ብርሃን ያለችው እናት ግን ግሪን ካርድ አግኝታ ደለስ ካረፈች፣ የራሷ ገቢ ከሌላትና ልጇ ከግማሽ በላይ ወጪዋን ከቻለ፣ ተቆጠረች። እናቲቱ ያችው፣ ጡረታዋም ያው፣ የተለወጠው አውሮፕላን መሳፈሯ ነው። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ከ2026 መግቢያ ጀምሮ ወደ ውጭ በጥሬ ገንዘብ ወይም በመኒ ኦርደር በሚላክ ገንዘብ ላይ 1 በመቶ ጣለ። በ1944 ሕጉ ያላያት እናት አሁን ታየች፤ 300 ዶላር በጥሬው ሲላክላት 3 ዶላር ለመንግሥት። ከባንክ ሒሳብ ወይም እዚህ አገር በተሰጠ ዴቢት ካርድ የሚላከውን ሕጉ አይነካውም።