የሉተራን ኦርጋን ተጫዋችና የመዝሙር ምርጫ

በጀርመን የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ኦርጋን መጀመሪያ ላይ ሕዝቡን የሚያጅብ መሣሪያ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1524 ስምንት መዝሙሮች የያዘው የመጀመሪያው መዝሙር መጽሐፍ ከታተመ በኋላም ምእመናን የሚዘምሩት አብዛኛውን ጊዜ ያለ አጃቢ ነበር፤ ኦርጋኑ ለብቻው አንድ አንቀጽ ሲያሰማ ቀጣዩን መዘምራን ይቀበሉታል። ማጀብ የተለመደው በ17ኛው መቶ ዘመን ቀስ በቀስ ነው። በ1650 ሳሙኤል ሻይት 100 መዝሙሮችን በአራት ድምፅ ለኦርጋን አዘጋጅቶ አሳተመ።

ከመዝሙሩ በፊት የሚሰማው መቅድም ዜማውንና ቅኝቱን ለሕዝቡ የሚያስታውስ በመሆኑ የተጫዋቹ ችሎታ በይበልጥ የሚፈተነው እዚያ ላይ ነበር። ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ በ1705 መጨረሻ የኦርጋን ተጫዋቹን የቡክስተሁደን አጨዋወት ሊሰማ፣ እሱ ራሱ ኦርጋን ተጫዋች ሆኖ ከሚያገለግልበት ከአርንሽታት እስከ ሉቤክ ወደ 400 ኪሎ ሜትር በእግሩ ተጓዘ። የአራት ሳምንት ፈቃድ ጠይቆ አራት ወር ገደማ ቆየ። በየካቲት 1706 የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር በመቆየቱ ብቻ አልወቀሰውም፤ በመዝሙሩ ውስጥ እንግዳ ድምፆች እየቀላቀለ ምእመናኑን አደናግሯል፣ መቅድሙ ረዝሟል ሲባልም ከልክ በላይ አሳጥሮታል የሚል ክስ አቀረበበት። ክሱን ለጥበብ ደንታ የሌላቸው ሰዎች ቁጣ አድርጎ ማየት አይገባም፤ ዜማውን በቃሉ የያዘ ምእመን ዜማው ሲሸፈንበት መግቢያው ይጠፋዋል።

ለዚህ ችግር የተሻለው መልስ የተገኘው ባኽ ከአርንሽታት በኋላ ባገለገለበት በቫይማር ነው። እዚያ የጀመረው «ኦርገልቡኽላይን» የተባለው የመዝሙር መቅድሞች ስብስብ ለ164 መዝሙሮች ታቅዶ 46 ያህሉ ብቻ ተጽፈዋል። መቅድሞቹ አጫጭር ናቸው፤ በአብዛኞቹም ዜማው ከላይኛው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። የተደረደሩትም ከገና በፊት ካለው የዝግጅት ወቅት ጀምሮ በገና፣ በሕማማትና በፋሲካ በኩል እስከ ጰራቅሊጦስና ከዚያም በኋላ በበዓላቱ ተራ ነው። የወቅቱን መዝሙር የሚፈልግ ተጫዋች ገጹን በቀላሉ ያገኘዋል።

በላይፕሲክ ባኽ ከ1723 ጀምሮ የመዘምራን ኃላፊ ስለነበር ኦርጋኑን የሚጫወቱት ሌሎች ሆኑ፤ የምርጫው ጥያቄ ግን ተከተለው። ጋውድሊትስ የተባለ የሠርክ ሰባኪ ከስብከቱ በፊትና በኋላ የሚዘመሩትን ራሱ መምረጥ ፈለገ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤም ደገፈው። በመስከረም 1728 ባኽ ለከተማው ምክር ቤት አቤት አለ። በልማዱ መሠረት ለዕለቱ ወንጌል የሚስማማውን መዝሙር ከድሬስደን መዝሙር መጽሐፍ የሚመርጠው የመዘምራን ኃላፊው ነው፤ እጅግ ረጅም መዝሙሮች ሲታዘዙም ሥርዓተ አምልኮው ይጓተታል ሲል ተከራከረ። አቤቱታው ተገቢ ነበር፤ ዝማሬውን በኃላፊነት የሚመራ ሰው በምርጫው ላይ ድምፅ ሊኖረው ይገባል።