ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው በዓላትና ውድድሮች ቁጥጥሩ ከየት ይጀምራል?

ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ፣ በአፄ ፋሲለደስ የባሕረ ጥምቀት ሥፍራ፣ ለተመልካቾች መቀመጫ የተሠራ የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ከ10 ያላነሱ ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል፤ ከ100 የሚበልጡ ቆስለዋል። የጥምቀት በዓል በዩኔስኮ ከሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች አንዱ ሆኖ ከተመዘገበ አርባ ቀን ያህል ብቻ ሆኖት ነበር። የጸጥታ ኃይል በሥፍራው ነበረ። ርብራቡ ግን የወጣበትን ሕዝብ መሸከም አልቻለም።

ሕዝብ የሚበዛበትን ዝግጅት መቆጣጠር ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው በየመግቢያው የሚደረገውን የአካል ፍተሻ ነው። ሕጉም በአመዛኙ የሚናገረው ስለ ጸጥታ ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም የመሰብሰብ መብትን ያረጋግጣል፤ ከቤት ውጭ የሚደረግ ስብሰባ የሕዝብን እንቅስቃሴ እንዳያውክ ሥርዓት ሊደነገግ እንደሚችልም ይገልጻል። አዋጅ ቁጥር 3/1983 ደግሞ ሰላማዊ ሰልፍና ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ የሚያዘጋጅ ወገን ከ48 ሰዓት በፊት ለአስተዳደሩ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያዛል። አዋጁ ከስሙ እንደሚታየው ዓላማው ሌላ ነውና ሜዳው ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ መውጫው ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚገባ መለኪያ አያስቀምጥም።

ቋሚ ሕንፃ ለሚሠራ ሰው መንገዱ የታወቀ ነው፤ ፕላን ያቀርባል፣ ፈቃድ ያወጣል፣ ተቆጣጣሪ ይመጣበታል። ለሁለትና ለሦስት ቀን በዓል ቆሞ የሚፈርስ ርብራብ ግን ከዚህ ሁሉ ዓይን በቀላሉ ያመልጣል። አደጋው ደግሞ ከቋሚው አያንስም። ተቀምጦ የሚመለከትን ሰው የሚችል አጠናና ማገር፣ ያው ሰው ተነሥቶ እያጨበጨበና እየዘለለ ሲዘምር ላይችል ይችላል። በአንድ ምት የሚወዛወዝ ሕዝብ የሚያሳርፈው ጫና ከክብደቱ ይበልጣል። መሬቱ ውኃ ጠጥቶ ሲለሰልስ ወይም ቦታ ያጣ ሰው በምሰሶው ላይ ሲንጠላጠል ነገሩ ይብሳል።

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 5 ቀን 1992 በፈረንሳይ ኮርሲካ ደሴት፣ የባስቲያና የማርሴይ ክለቦች ለፈረንሳይ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሊጫወቱ ሲሉ፣ ለዚያ ጨዋታ ተብሎ በጥድፊያ የቆመ ጊዜያዊ የተመልካች መቀመጫ የላይኛው ክፍል ተደረመሰ። ከ18 ያላነሱ ሰዎች ሞቱ፤ ከ2,000 በላይ ቆሰሉ። ፈረንሳይ በዚያው ዓመት ሐምሌ ባወጣችው ሕግ የስፖርት ማዘውተሪያዎች ተመርምረው ማረጋገጫ እንዲያገኙ፣ ሊይዙ የሚችሉት የሰው ቁጥርም እንዲወሰን አደረገች።

በብሪታንያ ይኸው አሠራር ቀደም ብሎ ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ1971 በግላስጎው አይብሮክስ ስታዲየም ጨዋታ አብቅቶ ሕዝቡ በደረጃ ሲወርድ 66 ሰዎች ተጨፍልቀው ሞቱ። ይህን ተከትሎ በ1975 የወጣው ሕግ፣ ለትልልቅ ስታዲየሞች የአካባቢው አስተዳደር የደኅንነት የምስክር ወረቀት እንዲሰጥ አዘዘ። ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ዋና ነገር የሰው ቁጥር ነው። ቁጥሩን ለማስላት ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መመሪያ፣ ምንም እንከን በሌለበት የመቆሚያ ሥፍራ በ10 ካሬ ሜትር ከ47 ሰው በላይ እንዳይቆም ይመክራል። በደልዳላ መሬት ላይ አንድ ሜትር ስፋት ያለው መውጫ በደቂቃ 82 ሰው፣ በደረጃ ላይ ደግሞ 66 ሰው ያሳልፋል ብሎም ያሰላል። ሕዝቡ በስምንት ደቂቃ ውስጥ መውጣት ካለበት፣ በደልዳላ ቦታ ሁለት ሜትር የሚሰፋ በር የሚያወጣው 1,300 ሰው ገደማ ብቻ ነው። ሜዳው 5,000 ሰው ቢይዝ እንኳ፣ በሩ ይህ ብቻ ከሆነ የሚፈቀደው 1,300 ነው። የሚወስነው ጠባቡ ነው።

ቁጥጥር ራሱ አደጋ የሚሆንበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1989 በእንግሊዝ ሂልስቦሮ ስታዲየም፣ ውጭ የተፈጠረውን መጨናነቅ ለማስተንፈስ ፖሊስ ትልቁን በር አስከፈተ። ሕዝቡ ቀድሞ ወደ ሞላው የታጠረ መቆሚያ ጎረፈ፤ በጠቅላላው 97 ሰዎች ሞቱ። ለዓመታት ጥፋተኛ የተባሉት ደጋፊዎቹ ነበሩ፤ በ2016 ግን ዳኞች ሟቾቹ በሕገ ወጥ መንገድ እንደተገደሉ ወሰኑ። በኢትዮጵያም መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ በኢሬቻ በዓል ላይ አስለቃሽ ጭስ ከተተኮሰ በኋላ በተፈጠረ መረጋገጥ ከ50 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ ብዙዎቹ ገደል ውስጥ ወድቀው ነው። የሚሸሽ ሕዝብ በየት በኩል እንደሚሸሽ አስቀድሞ ያልታሰበበት ሜዳ እንዲህ ያለ ፍጻሜ ይኖረዋል።

በኢትዮጵያ ለእግር ኳስ ሜዳ ፈታሽ አለ፤ ፈታሹ ግን ከውጭ የሚመጣ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የባሕር ዳር ስታዲየምን ከመስፈርት በታች ሆኖ በማግኘቱ ብሔራዊ ቡድኑ ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ጋናን ያስተናገደው ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ ውስጥ ነበር። ውሳኔው ብዙዎችን አስቆጥቷል፤ ሆኖም በዓል ለሚከበርበት ሜዳ እንዲህ ያለ ጥብቅ ፈታሽ ቢኖር የሚከፋው ጥቂት ነው። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም ከኅዳር 1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሯጩን ቁጥር በምዝገባና በቲሸርት ሲወስን ኖሯል፤ በመጀመሪያው ዓመት 10,000 ሰው ነበር የተሳተፈው።

ለጥምቀት ግን ትኬት የለም፣ ሊኖርም አይችልም። በዓሉ በራሱ ሥርዓት ሕዝቡን በጊዜ ይከፋፍላል፦ ታቦታቱ ጥር 10 በከተራ ይወርዳሉ፣ አብዛኞቹ ጥር 11 ይመለሳሉ፣ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ደግሞ ጥር 12 ይገባል። ጭንቁ የሚመጣው ውኃው በሚባረክበት ሰዓት፣ ሁሉም አንድ ነገር ለማየት ወደ አንድ ገንዳ ዳር ሲገፋ ነው። ርብራብም የሚቆመው እዚያው ነው፤ ስንት ሰው እንደሚወጣበት መቆጠርና የሠራው ሰው ፊርማ መኖር ያለበትም ከከተራ ቀደም ብሎ እዚያው ላይ ነው።